ጠርዙን ጠመኔ ሲነካው

በእኛ ጊዜ ጠመኔ የመምህር ንብረት ነበር። ነጩ በየቀኑ ይወጣል፤ ባለቀለሙ ግን የጂኦግራፊ ካርታ ሲሳል፣ የወላጆች ቀን ሲደርስ ወይም ከበላይ አካል እንግዳ ሲመጣ ካልሆነ ፊቱ አይታይም። የክፍል አለቃው ከቢሮ ጠመኔና ዳስተር ይዞ ሲገባ የሁላችንም ዓይን እጁ ላይ ነው። ከነጮቹ መሃል አንዲት ሮዝ ወይም ሰማያዊ ብቅ ካለች የዚያን ቀን ትምህርት ገና ሳይጀመር ይጥመናል። ደወል ተደውሎ መምህሩ ከወጡ በኋላ ደግሞ ከሰሌዳው ሥር ቁራጭ ለመልቀም የሚደረገው ግፊያ ለብቻው ነው። ጥፍር የማታህል ሮዝ ጠመኔ ስንት እስክሪብቶ እንዳስለወጠች እኔ አውቃለሁ።

ነጩ ቁራጭ ሰኞ ማክሰኞ ስናሰምርበት ሲሚንቶ ላይ ያልቃል። ባለቀለሙ ግን በኪስ ተደብቆ ወደ ቤት ይሄዳል። በግማሽ ምላጭ ወረቀት ላይ እንፍቀውና ዱቄቱን በጥጥ እየጠቀስን የአፍሪካን ካርታ ዙሪያውን እናሸዋለን፤ ባሕሩ ሰማያዊ ይሆናል። ከለር ያለው ልጅ በከለሩ ፍቅፋቂ ይህንኑ ያደርጋል፤ እንዲያውም የእሱ ቶሎ አይረግፍም። ችግሩ ከለር ያለው ልጅ ጥቂት መሆኑ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጳጉሜን ስትገባ እሱ ሥራ ይበዛበታል። ለእንቁጣጣሽ መላእክትና አደይ አበባ እየሳለ በየጎረቤቱ ያዞራል። የውኃ ቀለሙ ሲያልቅበት የመልአኩን ክንፍ በሮዝ ጠመኔ ዱቄት ይሞላዋል። ታዲያ ጥቂት ቤት እንዳዳረሰ ሮዙ ከክንፉ ወደ አዲሱ ሹራቡ እጅጌ ይዛወርና፣ "እንኳን አደረሳችሁ" ብሎ ሲዘረጋው መልአኩ ክንፉን ጥሎ ይገኛል። ሳንቲሙን ግን ማንም ከልክሎት አያውቅም።

ጠመኔ ለፎቶ እንደሚሆን ያየሁት 12ኛ ክፍል ስንደርስ፣ በኦቶግራፍ ሰሞን ነው። መለያየት ሲቀርብ ሁሉም ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይገዛና ክፍሉን ያዞራል። ለአንድ ጓደኛ አንድ ገጽ ይሰጣል፤ ሙሉ ስም፣ የምትወጂው ምግብ፣ የምትወጂው ቀለም፣ የማትረሺው ቀን፣ ለእኔ ያለሽ ምክር። ጥጉ ላይ ጉርድ ፎቶ ይለጠፋል። ከዚያ ማስዋቡ ይከተላል፤ ጽጌረዳ፣ ቀስት የወጋው ልብ፣ ደብዳቤ በአፏ የያዘች ርግብ። እጃቸው ለሥዕል የሚታዘዝላቸው ልጆች በዚያ ሰሞን የሻይ ቤት ሒሳብ አይከፍሉም።

ከእነሱ መካከል አንዲቱ ጽጌረዳም ርግብም አትስልም ነበር። የፎቶውን ዙሪያ ብቻ በጠመኔ ዱቄት ታሸዋለች፤ ጠርዙ ላይ ደመቅ አድርጋ፣ ወደ ውጭ ሲሄድ እያሳሳች፣ መጨረሻው የት እንደሆነ እስኪጠፋ። ልቡም ቀስቱም ያልሰጡትን ክብር ያቺ ቀጭን ሰማያዊ ለጉርዱ ፎቶ ትሰጠዋለች። ጉዱ ደብተሩ ሲዘጋ ነው። ቀለሙ ለፊት ለፊቱ ገጽ ይተርፋል፤ የአንዷ ሰማያዊ በሌላዋ ምክር ላይ ያርፋል። የእኔ ደብተር እናቴ ዘንድ ዛሬም አለ። ግማሹ ገጽ የማን ቀለም እንደሆነ አይለይም።

ከዚያ በኋላ ጠመኔን ረሳሁት። ሥራና ወረቀት የሚባል ነገር መጣ፣ አሜሪካም መጣች።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አክስቴ ዘንድ ስኖር ከፎቃችን ላይ አንዲት ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎማ ያለው ትልቅ ቦርሳ እየጎተቱ ሲወጡ አሳንሰር ውስጥ እንገናኛለን። ልብስ ሰፊ መስለውኝ ነበር። በስሜ ጥሪኝ ቢሉኝም አንደበቴ እምቢ ስላለኝ "ማዳም" እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይስቃሉ። አንድ ቅዳሜ ቦርሳውን ደረጃ ላይ ሳግዛቸው ዚፑ ተከፍቶ ወረቀት ተዘረገፈ። ቀይ፣ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ እንደ ጨርቅ የተሸመነ የሚመስል፤ ያን ሁሉ ዓይነት ወረቀት በአንድ ሰው እጅ አይቼ አላውቅም። ስለቅም ገረመኝ መሰል፣ ነይና እይ አሉኝ።

የሄድነው አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ረጃጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሴቶች ፎቶ ይቆርጣሉ፣ ይለጥፋሉ፣ ያወራሉ። ስክራፕቡክ የሚሉት ይህ ነው። ፎቶውን አልበም ውስጥ ሰክቶ ከመተው ይልቅ ገጹን በወረቀት፣ በጽሑፍ፣ በትኬት፣ በሪባን ታሪክ ያስመስሉታል። እኛ ለጓደኛ ብቻ ያደረግነውን እነሱ ለልጅ ልደት፣ ለጉዞ፣ ለውሻም ያደርጉታል። ጠርዙን ጥርስ ጥርስ እያደረገ የሚቆርጥ መቀስ አለ፤ አንዴ ሲጫኑት ልብ ወይም ቅጠል ቆርጦ የሚያወጣ መብሻም አለ። ማጣበቂያ ሥዕሉማ ለጉድ ነው። የጠረጴዛው ሰው ሁሉ ሥራውን እየገለጠ ሲያሳየኝ "በጣም ያምራል" እላለሁ፤ በልቤ ግን "ልጁ የት አለ?" እያልኩ ነው። በፊኛና በኮከብ መሃል ሕፃኑ ጠፍቷል። ያ አስተያየቴ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ፎቶ ጎን የሚጮህ ነገር መቀመጥ የለበትም።

ማዳም ያን ቀን የያዙት የእናታቸውን ፎቶ ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው፤ አንዲት ወጣት በእርሻ ቤት በር ላይ ሽርጥ እንዳሸረጠች ቆማለች። ቡናማ ወፍራም ወረቀት አነሡና በመቀስ ፈንታ በእጃቸው ቀደዱት። አቀዳደዱ ዘዴ አለው። ወረቀቱ ላይ ላዩን ቡናማ ሆኖ ልቡ ነጭ ነው። የሚጣለውን ወገን ወደ ራስ እየሳቡ ሲቀዱት በሚቀረው ጠርዝ ላይ ነጩ ልብ ሻካራ ሆኖ ይወጣል፤ ወደ ውጭ ከገፉት ግን ይደበቃል። ያን ነጭ ጠርዝ ካወጡ በኋላ ከቦርሳቸው ትንሽ ጠፍጣፋ ሳጥን መዘዙ። የዓይን ቅብ መያዣ የመሰለ ነው፤ በየጉድጓዱ ትናንሽ ባለቀለም ካሬ ተደርድሯል።

"ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ጠመኔ ነዋ" አሉኝ።

የጆሮ ጥጥ ቡናማው ላይ ሁለቴ አሽተው ትርፉን እጃቸው ጀርባ ላይ አራገፉ። ከዚያ የተቀደደውን ጠርዝ በትንሽ በትንሹ እያዞሩ መንካት ጀመሩ። የተቀደደ ወረቀት ጭረቱ ስለሚነሣ ዱቄቱን ይይዛል፤ ለስላሳው ፊት ግን አይቀበልም። ስለዚህ ቀለሙ የሚያርፈው ከጠርዙ ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ ፈዘዝ ያለው ቡናማ፣ ከላዩ የጠቆረው፣ እሱም ጫፍ ጫፉን። ትርፉን በአፋቸው እፍ አላሉም፤ ምራቅ ጠብ ካለ እድፍ ይሆናል። ወረቀቱን በጎኑ አቁመው ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረጉት። በጣቴ ላሽ ስቃጣ እጄንም ገፋ አደረጉት፤ የጣት ወዝ ካረፈበት ጠመኔው እዚያ ላይ ጎርሶ ይቀራል። የበዛውን የሚያነሣ እንደ ሊጥ የሚለነቀጥ ላጲስ አላቸው። ከዚያ ፎቶው መሃሉ ላይ ገባ። ያቺ ሴት በር ላይ ቆማለች፤ ዙሪያዋ ያለው ቡናማ አለ ለማለትም የለም ለማለትም የሚያስቸግር ነው። የክፍላችን ልጅ ትዝ አለችኝ።

ማዳም እጃቸው ሲሠራ አፋቸው አያርፍም። ደራሲው ማርክ ትዌይን ሙጫ መቀባት አስመርሮት፣ ገጹ ላይ አስቀድሞ ሙጫ ያለበት፣ ውኃ ሲነካው የሚያጣብቅ ስክራፕቡክ ፈጥሮ እ.ኤ.አ. በ1873 የፈጠራ መብት እንዳስመዘገበ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። የአሁኑን ዓይነት ስክራፕቡክ ያስፋፉት ግን የዩታ ሰዎች ናቸው ይላሉ። ሜሪኤለን ክሪስተንሰን የተባለች የስፓኒሽ ፎርክ ከተማ ሴት እ.ኤ.አ. በ1980 በሶልት ሌክ ሲቲ በተደረገ ዓለም አቀፍ የቤተሰብ መዛግብት ጉባኤ ላይ ከ50 በላይ የቤተሰቧን ጥራዞች አሳየች፤ በማግሥቱ ዓመትም ሱቅ ከፈተች። ለምን ዩታ? ለሞርሞኖች የዘር ሐረግ መመዝገብ የሃይማኖታቸው አካል ስለሆነ ነው። እኛም እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን ብዬ የአባቴን ወገን ወደ ላይ ስወርድላቸው (ወደ ላይ መውረድ ካለ!) መቀሱን አስቀምጠው ሰሙኝ። "ፎቷቸው አለሽ?" አሉኝ። ከአያቴ በላይ ያለው ፎቶ የለውም። የአያቴና የእናቴ ግን አለ፤ እትዬ አልበም ውስጥ።

እትዬ ማለት አክስቴ ናት። የእሷ አልበም ገጹ የሚያጣብቅ፣ ላዩ ፕላስቲክ የሆነ፣ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ ጉልበት ላይ የሚቀመጠው። ማዳም እሱን ሊያዩ ቤታችን መጡ፤ ገና አንዱን ገጽ እንደገለጡ ፊታቸው ተለወጠ። ሙጫውና ካርቶኑ አሲድ አለው፤ ፎቶውን ያደርቀዋል፣ ቢጫ ያደርገዋል፤ ደግሞ ሲቆይ ስለሚነክስ ውጣ ቢሉት አይወጣም። በጥፍር መፈልቀቅ ደግሞ መቅደድ ነው። የጥርስ ማጽጃ ክር አመጡና በሁለት እጃቸው ወጥረው ከፎቶው ሥር አስገቡ፤ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ እያደረጉ አሳለፉት። የእናቴ የአሥራ ምናምን ዓመት ፎቶ፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ የሆነው፣ ሳይጎዳ ተነሣ። እትዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር የምታየው። "ይቺ ሴትዮ ሐኪም ናት እንዴ?" አለችኝ በአማርኛ።

አሲድ የሌለው ወረቀት የሚሉት ነገር ውስጥ ያለውን የነገሩኝም ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርበታል፤ አሲድ ሲመጣ እሱ ይመክተዋል። የተፈጥሮ ጠመኔ ደግሞ በጥንት ባሕር ውስጥ የኖሩ ደቃቅ ፍጥረታት ቅርፊት ተጠራቅሞ የሠራው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ላዩ ላይ የምናሸው ብቻ ሳይሆን ፎቶው የተኛበትም ጠመኔ አለበት ማለት ነው። የትምህርት ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ነው የሚሠራው፤ ከጀሶ። አዎ፣ ያው ጀሶ፤ ግድግዳ የሚለሰንበት፣ አንዳንድ ከይሲ እንጀራ ውስጥ ጨመረው እየተባለ የምንሰማው። የወንድሜ መልአክ ክንፉን የጣለው በከንቱ አይደለም። የሰሌዳ ጠመኔ ሲጽፉበት እንዲታይ፣ ሲጠርጉት እንዲለቅ ነው የተሠራው፤ ቀለሙም ጥቂት ነው። የማዳም ጠመኔ ለስላሳ፣ ቀለሙ የበዛ፣ ወረቀት ውስጥ ገብቶ እንዲቀር የታሰበ ነው። እሱም ቢሆን ይረግፋል። አንዳንዶቹ ሴቶች የፀጉር ስፕሬይ ይነፉበት ነበር፤ ማዳም ግን ያስነጥሳቸዋል፣ ደግሞም ከፎቶው ጋር ስለማይስማማ አይወዱትም። የእሳቸው መፍትሔ ዱቄቱን በደንብ አሽቶ ማስገባት፣ ትርፉን ማራገፍ፣ ገጹን ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ መክተት ነው። ያ ኪስ በ12ኛ ክፍል ቢኖረን ኖሮ!

የመጀመሪያውን የራሴን ገጽ እትዬ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ሠራሁ። ለእናቴ ፎቶ ምን እንደሚስማማ ሳስብ ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ላይ ሄደ። እዚያ ላይ ከአገር ቤት የመጣ ዳንቴል ተዘርግቷል፤ እናቴ በኪሮሽ የሠራችው፣ መሃሉ ጽጌረዳ፣ ዙሪያው መረብ። አንሥቼ ክሬም ወረቀት ላይ ዘረጋሁትና አራቱን ጥግ በመጽሐፍ ያዝኩት። የሐምራዊና የቡናማ ጠመኔ ዱቄት በጥጥ ጠቅሼ በየቀዳዳው ላይ ከላይ ወደ ታች መታ መታ አደረግሁ። ማሸት አይቻልም፤ ክሩ ይንቀሳቀስና ይደፈርሳል። እትዬ ከጓዳ ስትወጣ ደረሰችብኝ።

"ምነው ልጄ፣ የእህቴን እጅ ሥራ አፈር ታለብሺው?"

"ጠመኔ ነው እትዬ፣ ይታጠባል።"

"ጠመኔ! ኮሌጅ ገባሽ ስንል ጭራሽ ወደ ሁለተኛ ክፍል ተመለስሽ?"

ዳንቴሉን በሁለት እጄ ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ አነሣሁት። ሥሩ ላይ ጽጌረዳው ቀርቷል። መረቡም ቀርቷል፤ ክር የነበረበት ክሬም፣ ቀዳዳ የነበረበት ሐምራዊ። አንድ ቦታ ላይ እናቴ ዘላ ያለፈቻት ጥልፍ እንኳ ሳትቀር ወጥታለች። እትዬ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለችና ያቺኑ ቦታ በጣቷ (ሳትነካ) አሳየችኝ። "ይቺን ያኔም ብያት ነበር፤ ፍቺው ብላት እምቢ አለች" አለች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የፎቶውን ታሪክ የሰማሁት ያን ምሽት ነው። ፎቶ ቤት የሄዱት ሁለቱም ነበሩ፤ ቀሚሱ የእትዬ ነበር፤ ለሁለት የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበራቸው ዕጣ ጥለው እናቴ ወጣላት። ገጹ ላይ ከፎቶው ሥር ይህን በእጄ ጻፍኩት። እትዬ "ቀሚሱ የእኔ እንደሆነ ግልጽ አድርጊው" ብላ ቆማ አጻፈችኝ።

ከዚያ ወዲያ እጄ ተፈታ። ማዳም ቨርሳማርክ የሚባል፣ የጃፓኑ ጹኪኔኮ የሚሠራው ቀለም አልባ የማኅተም ፈሳሽ አሳዩኝ። በማኅተም ወረቀት ላይ ሲያሳርፉት እርጥብ ጥላ ብቻ ነው የሚተወው። ሳይደርቅ ጠመኔ በጥጥ ሲነኩበት ግን ፈሳሹ ያለበት ቦታ ዱቄቱን ጠጥቶ ይደምቃል፤ ሌላው ሳስቶ ይቀራል። ማኅተም መግዛት አላስፈለገኝም። ላጲስ በምላጭ ቀርጾ ማኅተም ማድረግ በአራተኛ ክፍል የጨረስነው ትምህርት ነው። የነጠላ ጥለት ቀረጽኩ። ማዳም ላጲሱን እያገላበጡ አይተው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለጠረጴዛው ሁሉ አሳዩልኝ፤ ሴቶቹም ምላጭ የት እንደሚገዛ ይጠይቁኝ ጀመር።

ዛሬ ያ ሁሉ ቀዝቅዟል። ፎቶው ስልክ ውስጥ ገባ፤ የስክራፕቡክ ዕቃ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች ብዙዎቹ ተዘጉ። ጠመኔውንም የጠመኔ መልክ ያለው የማኅተም ቀለም ተካው፤ ጠርዙን በስፖንጅ ነካ ነካ ሲያደርጉት ይይዛል፣ አይረግፍም፣ እጅ አያቆሽሽም። ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ብዙም አልወደድኩትም። አንዴ ካረፈ አረፈ ነው፤ ላጲስ አያነሣውም፤ እያሳሱ ማጥፋት የለም። ጠመኔ ላይ ሥራው ግማሹ መቀነስ ነው።

ማዳም ወደ ልጃቸው አገር ሲሄዱ አንዱን ሳጥናቸውን ሰጥተውኛል። አረንጓዴዎቹ ገና አልተነኩም ማለት ይቻላል። ቡናማው ግን ታችኛው ቆርቆሮ ታይቷል፤ የእኛ ቤት ፎቶ ሁሉ ቡናማ ነው የሚፈልገው። ሲቸግረኝ ቀይና ጥቁር ፍቄ አደባልቃለሁ፤ በምላጭ፣ እንደ ድሮው።

እትዬም ለዳንቴሏ መሳሳቱን ትታለች። እንዲያውም መሶቡን የምትሸፍንበትን አጥባና ተኩሳ ራሷ ታመጣልኛለች፤ ትእዛዝ ግን ከሥሩ አይጠፋም። ባለፈው የክርስትና ፎቶ ይዛ መጥታ፣ "ይኼን ለፋሲካ አድርሽልኝ፤ ልጁ እኮ ሊያገባ ነው" አለችኝ። ሳጥኑን ስከፍት ደግሞ፣ "ያንን ሐምራዊ አታብዢው፤ የእናትሽ ላይ አብዝተሻል" አለች።